የልጅ ድምፅ ቀጭን ድምፅ አይደለም፦ ለልጆች ካርቱን ድምፅ መስጠት ለምትፈልጉ

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ትቆምና ጉንጮቿን በሁለት እጇ ይዛ «ፒካ… ፒካ… ፒካቹ!» ትላለች። ጃፓን የት እንዳለች አታውቅም። ድምፁ የማን እንደሆነም አታውቅም። የመጨረሻዋን «ቹ» ግን ልክ እንደ ድምፁ ባለቤት ከደረቷ ገፍታ ነው የምታወጣት። በረንዳ ላይ ቡናዬን ይዤ ስሰማት ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንዲት ሴት ቶኪዮ ውስጥ ማይክ ፊት ቆማ ያወጣችው ድምፅ ጣና ዳር ደርሶ የአንዲት ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ገብቷል።

የድምፁ ባለቤት ኢኩዌ ኦታኒ ትባላለች። ፒካቹን፣ ፖኪሞን የሚባለውን የጃፓን ካርቱን ትንሽ ቢጫ ፍጡር፣ የምትጫወተው ከ1997 ጀምሮ ነው (ነገሩ የጃፓን ስለሆነ ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፋቸው)። ፖኪሞን ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ የሰዎቹ ድምፅ ይቀየራል፤ የፒካቹ ግን በአብዛኛው የሷው እንዳለ ይተዋል። ቃሉ ደግሞ ያው የራሱ ስም ነው፣ ሌላ የለውም። በዚያች አንዲት ቃል ይቆጣል፣ ይለምናል፣ ያኮርፋል፣ እንቅልፉ ይመጣል። ልጆቹም ሁሉም ይገባቸዋል።

እኔ ባሕር ዳር ሆኜ ለልጆች ተረትና ለአጫጭር አኒሜሽን ድምፅ መስጠት ከጀመርኩ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። «እንዴት ልጀምር?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ብዙዎቹ ድምፃቸውን በስልክ ቀድተው ይልኩልኛል፤ ስህተታቸውም አንድ ዓይነት ነው። ጉሮሯቸውን ጨመቅ፣ አፍንጫቸውን ጠበብ አድርገው ሲጥ ሲጥ ይላሉ። እሱ የልጅ ድምፅ አይደለም። ልጅ ለመምሰል የሚታገል ትልቅ ሰው ነው፣ ልጆች ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለዩታል። ስለዚህ የማውቀውን በሙሉ እዚህ ልጻፈው። አብዛኛውን የተማርኩት በዚህ ሥራ ዕድሜያቸውን ከሰጡት የጃፓን ሴቶች ነው።

በገዛ ድምፃችሁ ጀምሩ

ጃፓኖች የድምፅ ተዋናይን «ሴይዩ» ይሉታል። ከነሱ መጀመሪያ እንድታውቋቸው የምፈልገው ኖቡዮ ኦያማን ነው። በ1933 ቶኪዮ ተወለዱ። ድምፃቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ሻካራ ነበር፤ ትምህርት ቤት ልጆቹ ስለሳቁባቸው ዝም ማለት ጀመሩ። እናታቸው ግን ድምፅሽን አትደብቂው፣ ይልቅ ተጠቀሚበት ብለው መከሯቸው። እሳቸውም የትምህርት ቤቱ የሬዲዮ ክበብ ገቡ። ከ1979 እስከ 2005 ድረስ ዶራኤሞንን፣ ያንን ከወደፊት ዘመን የመጣ ሰማያዊ ሮቦት ድመት የተጫወቱት በዚሁ በተሳቀበት ድምፅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት! በ2024 በ90 ዓመታቸው ሲያርፉ ያዘነላቸው ትውልድ አንድ ብቻ አልነበረም።

ይህን የምነግራችሁ ለማጽናናት አይደለም፣ ሥራው ውስጥ ስላለ ነው። ጎርነን ያለ ድምፅ ያላት ሴት እኛ ሰፈር «ወንድ ትመስያለሽ» ትባላለች። ለዚህ ሥራ ግን ወርቅ ነው፤ የዘጠኝና የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ ድምፅ ከዚያ ነው የሚወጣው። ቀጭን ድምፅ ያላት ደግሞ የሦስት ዓመት ሕፃንም፣ ጫጩትም ትሆናለች። ሁሉንም ልሁን የምትል ግን ገና ስትጀምር ጉሮሮዋን ትጎዳለች።

መነሻችሁን ለማግኘት ይህን አድርጉ። ሰው ሲያወራላችሁ አፋችሁን ሳትከፍቱ «እህም» ትሉ የለ? እሷ ያረፈችበት ቦታ የድምፃችሁ ቤት ናት። ገጸ ባሕርይ ስትሠሩ ከዚያ ቤት ትንሽ ትወጣላችሁ እንጂ አገር አትቀይሩም። ለሙከራ አንድ ገጽ ተረት በቤታችሁ ድምፅ አንብቡና ቅዱ። ቀጥሎ ያንኑ ገጽ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ሁለተኛውን ለግማሽ ሰዓት ሳትደክሙ መያዝ ካልቻላችሁ፣ ለሃያ ደቂቃ ፊልምም አትችሉትም ማለት ነው። ዝቅ አድርጉት።

ሴት ለምን ወንድ ልጅን ትጫወታለች?

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ይደነቃል። በ1963 ጃፓን ውስጥ የጀመረውን ታዋቂውን የሮቦት ልጅ አቶምን የተጫወተችው ማሪ ሺሚዙ ሴት ናት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወንድ ልጅ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ሲሆነው ድምፁ ይሰበራል፤ ካርቱኑ ግን ይቀጥላል። ልጅን ሌሊት ማሠራት ሕጉም አይፈቅድም። ቴሌቪዥን ገና ሲጀመር ደግሞ የውጭ ፊልሞች ድምፅ የሚሰጣቸው በቀጥታ ሥርጭት ላይ ነበር፤ እዚያ ላይ ሕፃን ቢሳሳት መመለሻ የለም። ስለዚህ የወንድ ልጅ ድምፅ ማውጣት የሚችሉ ትልልቅ ሴቶች ተፈለጉ።

ከነሱ መካከል ማሳኮ ኖዛዋን የሚያህል አላውቅም። የተወለዱት በ1936 ነው። በ1968 ኪታሮ የሚባለውን የመናፍስት ዓለም ልጅ ተጫወቱ። በ2018 የዚያው ታሪክ አዲስ ሥራ ሲወጣ የኪታሮን አባት ሆነው ተመለሱ፤ ሃምሳ ዓመት ቆይተው ማለት ነው፣ መጀመሪያ ልጁን፣ ኋላ አባቱን። ከ1986 ጀምሮ ደግሞ ድራጎን ቦል የሚባለው ካርቱን ጀግና ጎኩ ናቸው። ጎኩ አድጎ ሲወልድ ልጆቹን ጎሃንንና ጎተንንም እሳቸው ናቸው የሚጫወቷቸው። አባትና ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ሲያወሩ ሦስቱም አንድ ሴት ናቸው። ሦስቱን ስሟቸው። የድምፁ ውፍረት ብዙም አይለያይም። የሚለያየው የልቡ ሁኔታ ነው። ጎኩ ሳያስብ ይናገራል፣ ጎሃን አስቦ ይናገራል፣ ጎተን ፈቃድ እየጠየቀ ይመስላል። እኔ ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ነው ገጸ ባሕርይ ሲሰጠኝ «ድምፁ እንዴት ይሁን?» ማለት ትቼ «ይህ ልጅ ምን ይፈልጋል?» ማለት የጀመርኩት።

ለእኛም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሴቶች መድረክ በማይወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ኋላ ነው ለአሥርተ ዓመታት በቴሌቪዥን «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» እያሉ ልጅ ሁሉ የሚጠብቃቸው አባት የሆኑት። እዚያ ሴት ወንድ ልጅን ሆነች፣ እዚህ ወንድ ሴትን ሆነ። ወንዶችም ይህን ጽሑፍ ስታነቡ የእናንተ ሥራ አይደለም አትበሉ።

ልጆችን ሂዱና ስሙ

የዚህ ሥራ ትምህርት ቤቱ የሐይቁ ዳር ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ውሃው ዳር ሰው ሲበዛ ውጡና አንድ ቦታ ቁጭ በሉ። ስልካችሁን አታውጡ፤ የሰው ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ አይቀረጽም። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።

ባለፈው ክረምት ለውዝ የሚሸጥ፣ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጉማሬ ማየቱን ለጓደኛው ሲነግረው ሰማሁት። እንደሰማሁት ጻፍኩት። «ጉማሬ እኮ… ጉማሬ፣ ጉማሬ እኮ ነው፣ እዚያ ደንገሉ ጋ ብቅ አለና (ትንፋሽ) አፉን እንዲህ (ትንፋሽ) ከፈተውና እኔ ደግሞ አልሮጥኩም!» እስቲ እዩት። «ጉማሬ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጀመረ፤ ሐሳቡ ከአፉ ስለሚቀድም ነው። ትንፋሹን የወሰደው ሐሳቡ ሲያልቅ ሳይሆን አየሩ ሲያልቅበት ነው፣ «እንዲህ» ብሎ ገና ሳይጨርስ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኃይሉን ያሳረፈው ጉማሬው ላይ አልነበረም። «አልሮጥኩም» ላይ ነው። ለሱ ወሬው ስለ ጉማሬው ሳይሆን ስለ ጀግንነቱ ነበር። ትልቅ ሰው ይህንኑ ቢያነብ «ጉማሬ» ላይ ይጮኽና ያበላሸዋል።

ሌላም አለ። እኛ አገር «አዎ» ለማለት አየር ወደ ውስጥ ስበን «ህእ» እንላለን። ልጆችም ይሉታል፣ በተለይ ሲያፍሩ። ስክሪፕት ላይ «አዎ» ተብሎ የተጻፈውን አንዳንዴ በዚች ትንፋሽ ተኩት። የውጭው ካርቱን ወዲያውኑ የኛ ይሆናል። ፊልሙን የሚመራው ሰው «ይሄ ድምፅ የለውም» ሊላችሁ ይችላል፤ አንድ ጊዜ እንዲሰማው ለምኑት።

ከዚያ ወደ ሰውነታችሁ ኑ። የልጅ የድምፅ መንገድ፣ ከጉሮሮ እስከ ከንፈር ያለው ማለቴ ነው፣ ከትልቅ ሰው ያጠረ ነው። ድምፁ ብሩህ የሚሆነው ለዚህ ነው። እናንተም ሳትጨምቁ ልታሳጥሩት ትችላላችሁ። ፈገግ በሉ፣ ምላሳችሁን ትንሽ ወደ ፊት አምጡ፣ አገጫችሁን በጣት ውፍረት ያህል ቀና አድርጉ። በቃ። ጉሮሯችሁ ከተጨነቀ አንድ ነገር ተሳስታችኋል፤ አቁሙና ውሃ ጠጡ። ቁጭ ብላችሁም አትቅዱ። ልጅ ሲያወራ እጁም እግሩም ያወራል። ጎኩ ሲጮህ ኖዛዋ ማይኩ ፊት በሙሉ ሰውነታቸው ነው የሚጮኹት፤ እናንተም ቁሙ።

አፍ ማሟሻ

የጃፓን ጀማሪዎች በየቀኑ «ናማሙጊ፣ ናማጎሜ፣ ናማታማጎ» ይላሉ፤ ጥሬ ስንዴ፣ ጥሬ ሩዝ፣ ጥሬ እንቁላል ማለት ነው። ካቡኪ ከሚባለው የድሮ ቲያትራቸው የመጣ፣ አንድ መድኃኒት ሻጭ ዕቃውን እያሞገሰ የሚለፈልፈው ረጅም ንግግርም አላቸው፤ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፣ ዛሬም የድምፅ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ያጠናዋል። አናባቢዎቻቸውንም እያቀያየሩ «አ ኤ ኢ ኡ ኤ ኦ አ ኦ» ይላሉ።

ይህን ሳይ የኔታ ትዝ አሉኝ። ፊደል ገበታችን ከዚህ የሚበልጥ ማሟሻ ነው እኮ! «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» ስትሉ አፋችሁ ሰባት ቦታ ይሄዳል። እኔ ጠዋት ጠዋት ከንፈሬን ለማሟሸት የ«በ»ን እና የ«መ»ን ቤት፣ ለምላሴ የ«ለ»ን እና የ«ረ»ን፣ ለጉሮሮዬ የ«ቀ»ን፣ ለጥርሴ የ«ጨ»ን ቤት እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ ቀጥሎ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ በሹክሹክታ ሳይሆን በቀስታ ድምፅ። ለራሴ የሠራኋቸውም አሉ፣ ውሰዷቸው፦ «ጫጩቷ ጭራ ጭራ ጭድ ከጭቃ አወጣች»፣ «ቆቅ ከቁጥቋጦ ቀይ ቅጠል ቀጠፈች»። አምስት ጊዜ ሳትደነቃቀፉ።

መጥበቅና መላላትንም አትርሱ። ጽሑፋችን ስለማያሳየው ማይክ ፊት ብዙ ሰው ይሰናከልበታል። «ዋና» ስትሉ ሐይቅ ውስጥ የሚዋኘውን ነው ወይስ ዋናውን? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም»? ስክሪፕቱን ቀድማችሁ አንብቡና በሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉበት።

ለመለማመጃ ሩቅ አትሂዱ። እመት ጦጢትና አያ ጅቦ አሉላችሁ። አያ ጅቦን የስምንት ዓመት ልጅ አድርጋችሁ ተጫወቱት፤ ርቦታል፣ ግን እንደራበው እንዲታወቅበት አይፈልግም። እመት ጦጢት ሁሉን ታውቃለች፣ ግን ትልቅ እህቱ ናት። አሁን አንድ ገጽ ተረት ውስጥ ሁለት ሰው አላችሁ። ቀጥሎ የፒካቹን መልመጃ ሥሩ። አንድ ቃል ብቻ፣ ለምሳሌ «እማዬ»፣ በአሥር ዓይነት ስሜት። ስትወድቁ፣ ስትዋሹ፣ ሐይቁ ላይ ታንኳ ስታዩ፣ ጨለማ ውስጥ ስትፈሩ፣ ከእንቅልፍ ስትነቁ። ቀድታችሁ ለሌላ ሰው አሰሙት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

ስክሪፕቱ ላይ

ከጃፓን የሚመጣ ካርቱን እጃችሁ ከገባ አንድ ዕድል አላችሁ። ጃፓንኛም እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «ድመቷ ዓሣውን በላችው» እንደምንለው፣ ወሬው የሚፈታው መጨረሻ ላይ ነው። ተርጓሚው በእንግሊዝኛ አዙሮ ሲያመጣው ግን ይገለበጣል፤ የልጁ ፊት በመጨረሻ ሲደነግጥ የአማርኛው ቃል ቀድሞ አልቆ ይገኛል። ስለዚህ ዋናውን የጃፓንኛ ድምፅ ክፈቱና የት ከፍ እንደሚል፣ የት እንደሚቆም ስሙ። ቋንቋውን ባታውቁትም ጆሯችሁ ይይዘዋል።

ቃሉን ከሥዕሉ ከንፈር ጋር ማገጣጠምን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ የጃፓን የቴሌቪዥን አኒሜሽን ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሦስት ፍሬም ያቆየዋል፣ አፉም የተዘጋ፣ ገርበብ ያለና የተከፈተ ነው፣ ከዚያ ብዙም አያልፍም። መጀመሪያውን፣ ማቆሚያውንና መጨረሻውን ካገጣጠማችሁ ዓይን ይረካል። መሃሉ የእናንተ ነው።

አማርኛ ግን ሌላ ሥራ ይሰጣችኋል። ጃፓንኛ ውስጥ «አንተ»ና «አንቺ» በግሡ አይለይም። እኛ ጋ ሮቦቱ ወንድ ነው ሴት? አስተማሪዋን «እርስዎ» ነው «አንቺ»? ልጁ ጎረቤቱን «ጋሼ» ይላል ወይስ በስማቸው ይጠራል? ይህን ከመቅዳታችሁ በፊት ከተርጓሚው ጋር ቁጭ ብላችሁ ጨርሱ። ጎኩ ራሱን ሲጠራ «ኦራ» ይላል፣ የገጠር ሰው አነጋገር ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥማችሁ የአዲስ አበባን አማርኛ ለምን ትሰጡታላችሁ? «ኸዚያ» የሚል የጎጃም ልጅ ይሁን! ልጆቻችን የገዛ አያታቸውን አነጋገር ጀግናው አፍ ውስጥ ቢሰሙት እኔ ደስታውን አልችለውም።

ቀረጻ ባሕር ዳር

ጃፓን ስቱዲዮ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ማይክ ይቆማል፤ ተዋናዮቹ ብዙ ናቸው። ተራው የደረሰው ሳይጋጭ ይመጣል፣ ተናግሮ ቦታውን ይለቃል። የስክሪፕቱን ገጽ ድምፅ ሳያሰሙ ነው የሚገልጡት። የሚንሿሿ ልብስ አይለብሱም፣ የሚያቃጭል አምባር አያደርጉም። ሥዕሉ ገና ሳያልቅ የሚቀዱበት ጊዜም አለ፤ በእርሳስ የተሠራ ፊት እያዩ ያለቅሳሉ።

እኛ ደግሞ ቁም ሳጥን አለን። ልብስ የሞላበትን ቁም ሳጥን ክፈቱ፣ ከኋላችሁ ብርድ ልብስ ወይም ወፍራም ጋቢ ስቀሉ፣ ማይኩን ልብሱ መሃል አድርጉት። ባዶ ግድግዳ ካለበት ክፍል ብዙ ይሻላል። ስልክም ቢሆን ይበቃል፤ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፤ «ጰ» እና «ፐ» ማይኩን እንዳይመቱት። የምትጮኹበት ቦታ ሲደርስ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ። ድምፁ በመለኪያው ላይ ቀዩን ከነካ ማንም አያስተካክለውም። ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ በዋቭ (WAV)፣ በ48 ኪሎኸርዝ ቅዱ። መጨረሻ ላይ አሥር ሰከንድ ዝም ብላችሁ የክፍሉን ዝምታ ቅዱ፤ ኤዲት የሚያደርገው ሰው ይመርቃችኋል።

ሰዓቱ ነው አስቸጋሪው። ቀን ባጃጅ አለ። ማታ ውሻ። ሐይቁ ዳር ከሆናችሁ ክረምት ላይ እንቁራሪት ሌሊቱን ሙሉ ትጮኻለች። ንጋት ላይ ወፎቹ ይነሳሉ፤ እሑድና በበዓል ቀን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሌሊት ይጀምራል። እኔ የምቀዳው በሥራ ቀን ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ አልቀዳም፣ አነባለሁ። አንድ ጊዜ አርባ ደቂቃ ተረት ቀድቼ ስጨርስ ከግድግዳው ማዶ ያለው ፍሪጅ መሃሉ ላይ ተነስቶ ኖሯል። ሁሉንም እንደገና ቀዳሁት። አሁን ከመጀመሬ በፊት ፍሪጁን እነቅልና የመኪና ቁልፌን ውስጡ አስቀምጣለሁ፤ ቁልፉን ስፈልግ ፍሪጁን መሰካቴን አልረሳም።

ጉሮሮ

ጩኸትና ለቅሶ ያለበትን ሁሉ ወደ ቀረጻው መጨረሻ አድርጉት። መጀመሪያ ከጮኻችሁ የቀረው ሁሉ ሻካራ ይሆናል። ውሃ ከቀረጻው ቀደም ብላችሁ ጀምራችሁ ጠጡ፤ ማይኩ ፊት የተጎነጫችሁት ወዲያው አይደርስም። የዘጌ ቡና ነፍሴ ነው፣ ግን ከመቅዳቴ በፊት አልነካውም፣ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ድምፃችሁ ከዘጋ ዝም በሉ፤ ሹክሹክታ ዕረፍት አይደለም፣ እሱም ጉሮሮን ያደክማል። ሻካራነቱ ከሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ ዝንጅብሉን አቁሙና አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ገንዘብና ወረቀት

ጃፓን ውስጥም መጀመሪያው ከባድ ነው። ማሠልጠኛ ይገባሉ፣ ከዚያ ኤጀንሲ ይፈልጋሉ፣ ለአንዲት ትንሽ ሚና ብዙ ሰው ይፈተናል። ክፍያው ደረጃ አለው። ጀማሪ ለአንድ የግማሽ ሰዓት ክፍል 15,000 የን ነው፣ አንድ ቃልም ብትናገር መቶም ብትናገር። ብዙዎቹ ሌላ ሥራ እየሠሩ ነው የሚቆዩት። ኬይኮ ቶዳ አንፓንማንን፣ ራሱን ቆርሶ ለተራበ የሚያበላውን የዳቦ ጀግና፣ ከ1988 ጀምሮ ስትጫወት በድራማና በመድረክም እየሠራች ነው። እናንተም ሥራችሁን አትልቀቁ።

እኛ አገር ቃና ቴሌቪዥን በፈረንጆች 2016 ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ መስጠት ሙያ መሆኑን ሰው አይቷል። ለልጆች ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አለችን፤ ያቺ ቀጭኔ የጃፓኑ የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንኤችኬ በሚያዘጋጀው የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ውድድር በፈረንጆች 2008 ተሸልማለች። በኛው ቋንቋ የተሠራ የልጆች ሥራ ጃፓን ድረስ ሄዶ መወደዱን ሳስብ ደረቴ ይነፋል።

ወረቀት ሳትፈርሙ ግን አትቅዱ። ለአንድ ተረት የቀዳሁትን የልጅ ሳቅ አንድ ድርጅት ቆርጦ ማስታወቂያ ላይ አዋለው፤ ስጠይቅ «ድምፁን ገዝተነዋል» ተባልኩ። የጻፍነው ነገር አልነበረም። ያኔ ነው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን (ይህኛው ዓመት በኛው አቆጣጠር ነው) አውርጄ ያነበብኩት፤ የተዋናይ መብትም እዚያ አለ። ውላችሁ ላይ ድምፁ የት እንደሚውል፣ ለስንት ጊዜ፣ ሌላ ቦታ ከዋለ ስንት እንደሚከፈል ይጻፍ። አንድ መስመር ደግሞ ጨምሩ፦ ድምፄ ያለ ፈቃዴ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ አይውልም። በ2024 የጃፓን ድምፅ ተዋናዮች በአንድነት ወጥተው የጮኹት ለዚሁ ነው።

ናሙና ስትልኩ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይብለጥ። ሦስት ገጸ ባሕርይ፣ የመጀመሪያው ለቤታችሁ ድምፅ የሚቀርበው። ሙዚቃ ከሥሩ አታድርጉ። ፋይሉን «ድምፅ 1» ብላችሁ አትላኩ፤ ስማችሁና ስልካችሁ የፋይሉ ስም ላይ ይሁን።

ከመላካችሁ በፊት ግን ለልጅ አሰሙት። ለእናታችሁ አይደለም፣ ለጓደኛችሁም አይደለም። አራት አምስት ዓመት የሆነውን የጎረቤት ልጅ ጥሩና «ይህን ስማ» ሳትሉ ዝም ብላችሁ ክፈቱት። የናንተ ድምፅ መሆኑን አትንገሩት። እናንተም ድምፁን አትስሙ፣ የልጁን እግር እዩ። የእህቴ ልጅ ተረቱ ከያዛት እግሯን ማወዛወዝ ታቆማለች። ካልያዛት ተነስታ ውሃ ልትጠጣ ትሄዳለች። የተነሳችበትን ሰከንድ ጻፉት፣ ከዚያ አሥር ሰከንድ ወደ ኋላ ተመለሱና ከዚያ ጀምራችሁ እንደገና ቅዱት።